ጥበብን የለበሰ ሰው ዕዳ



ልብስ ለሰው ልጅ ከጥንተ ተፈጥሮው ጋራ የተሰጠ ነገር አይደለም። አዳምና ሔዋን በገነት ሳሉ የጸጋ ብርሃን ልብሳቸው እንደ ነበረ አባቶች ያስተምራሉ፤ ሕግን ካፈረሱ በኋላ ግን ዕራቁትነታቸውን ዐውቀው ቅጠል ሰፉ፥ እግዚአብሔርም ከቁርበት የተሠራ ልብስ ሰጣቸው። ስለዚህ ልብስ ሁለት ነገር ያሳስበናል፤ አንደኛው ውድቀታችንን፥ ሁለተኛው በውድቀታችን ጊዜ እንኳ ያልተለየንን የፈጣሪን ቸርነት ነው።

ስለ ልብስ ጌጥ በምእመናን መካከል ሁለት ዐይነት አሳብ ሲነገር ይሰማል። አንዳንዶች፦ እግዚአብሔር የሚመለከተው ልብን ስለ ሆነ ልብስ ገላን ከመሸፈን ሊያልፍ አይገባውም፥ ጌጥ ሁሉ ከንቱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፦ ሰው በገዛ ገንዘቡ ያማረውን ቢለብስ የሚጠይቀው ማን ነው? ይላሉ። የፊተኞቹ ውበትን እንደ ኀጢአት ይቈጥራሉ፤ የኋለኞቹ ውበትን ያለ ዕዳ ሊይዙት ይወዳሉ። እኔ ግን ውበት ኀጢአት አለመሆኑን፥ ነገር ግን ለባሹ ባለዕዳ መሆኑን በዐጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ጌታችን ስለ ልብስ እንዳንጨነቅ ባስተማረ ጊዜ የሜዳ አበባ ከንጉሥ ሰሎሞን ልብስ ይልቅ ያማረች መሆኗን ነግሮናል። ይህ ትምህርት ጭንቀትን ይከለክላል እንጂ ውበትን አይነቅፍም፤ አበባዪቱን ያስጌጣት ራሱ ፈጣሪ ነውና። በኦሪት ዘፀአትም ለካህኑ ለአሮን ለክብርና ለጌጥ የሚሆን ልብስ እንዲሠራ ታዝዟል። ይህን የመሰለውን ሥራ ይሠራ ዘንድ ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ ጥበብን ተሞላ፤ በእጃቸው የሚፈትሉት ሴቶችም ጥበበኞች ተብለዋል። እንግዲህ መጽሐፍ ፈትልንና ሽመናን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

የኛም ቋንቋ ከዚህ ጋራ ይስማማል። በቀሚስና በነጠላ ላይ በቀለም ክር የሚሠራውን ጌጥ ጥበብ እንለዋለን፤ የአእምሮንም ዕውቀት ጥበብ እንለዋለን። ስሙ አንድ የሆነው በከንቱ አይመስለኝም። ጥጡ ይዳመጣል፥ በደጋን ይነደፋል፥ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ሸማኔው ከጕድጓዱ ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ፥ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እያሳለፈ ድሩን ከማጉ ያዋሕዳል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ክሩን እየቈጠረ ያነሣል፤ አንድ ክር ቢሳሳት የመስቀሉ ምስል ይጣመማል። ይህ ትዕግሥትና ቍጥር፥ ልብና እጅ ያለበት ሥራ ነው።

ይህንም ጥበብ ሕዝባችን እንደ ፊደል ያነበዋል። በዚህ በአዲስ አበባ በልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ሲከበር የተመለከተ ሰው፥ ምእመናን ነጠላቸውን በመስቀለኛ አጣፍተው ሲቆሙ አካላቸው ራሱ ሲጸልይ ያያል። ያው ነጠላ በኀዘን ቀን ተዘቅዝቆ ይለበሳል፤ ቃል ሳይነገር ሰው ሁሉ ኀዘኑን ይረዳዋል። በታላቅ ሰው ፊት የሚቆመውም ሸማውን አደግድጎ አክብሮቱን ይገልጣል። ስለዚህ ልብስ ከንቱ ነው የሚሉት ወገኖች የልብስን አነጋገር አላስተዋሉም።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። የመጀመሪያው ዕዳ ለሠሪው ነው። ጥበቡን እየወደድን ጥበበኛውን ስንንቅ ኖረናል፤ ሸማ የሚሠራውን ቍጢት በጣሽ እያሉ መሳደብ በአገራችን የተለመደ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑንም አሳሰቡ። ስድቡ ቢቀንስ ንቀቱ ግን ከልብ ሁሉ አልወጣም። ከጋሞ ደጋ፥ ከዶርዜና ከጨንቻ አገር መጥተው በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ የሚሠሩትን ሸማኔዎች በዋጋ ክርክር አድክሞ፥ ብዙ ቀን የደከሙበትን ሥራ በርካሽ ወስዶ፥ በዚያው ልብስ ለቅዳሴ መቆም ምን ዐይነት ጸሎት ነው? የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ብሎ ሐዋርያው ያዕቆብ አስጠንቅቋል።

ዛሬ ፋሽን የሚባለው የልብስ ልማድ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የጥበብ መልክም በፋብሪካ ጨርቅ ላይ እየታተመ በርካሽ ይሸጣል። ችግረኛ በዚህ ቢለብስ አይነቀፍም፤ ሸማኔውን ለማስጠራት የሚችል ባለጸጋ ግን መልኩን ብቻ ገዝቶ እጁን ሥራ ፈት ቢያደርገው ሊያስብበት ይገባዋል። ፋሽን ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። በሞዴልነት በዓለም የታወቀችው ልያ ከበደ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው፥ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሥራ እንዲያገኙ ብላ ነው። ያማረ ልብስ የሌላውን እንጀራ ሲያስከብር ውበቱ እጥፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ዕዳ ለሌለው ሰው ነው። በበዓል ቀን ነጭ ልብስ ስለሌላት አፍራ ከቤቷ የምትቀር እናት እንዳለች ካህናት እናውቃለን። እርሷን ያስቀራት ድህነቷ ብቻ አይደለም፤ የኛም ዐይን ነው። ጥሩ የለበሰውን ወደ ፊት፥ ያደፈ የለበሰውን ወደ ኋላ የምናደርግ ከሆነ፥ ያዕቆብ የነቀፈው አድልዎ በኛ ደጅ አለ ማለት ነው። ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ በሣጥን ተዘግቶ የተቀመጠው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ መሆኑን አስተምሯል። በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ባረፈች ጊዜ መበለቶች ለጴጥሮስ ያሳዩት የራሷን ጌጥ ሳይሆን ለነርሱ የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። ልብስ ከባለቤቱ በኋላ የሚመሰክረው እንዲህ ነው።

ይህ ነገር እኛንም ካህናትን ይመለከታል። በወርቅ ዘቦ ያጌጠ ካባ ለመቅደሱ ክብር እንጂ ለተሸካሚው ክብር አልተሠራም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ መሠዊያውን በሐር እየሸፈኑ በደጅ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ድኻ መርሳት ክርስቶስን መርሳት እንደሆነ ገሥጿል። ካህኑ ይህን ካልፈጸመ ምእመኑን ሊመክር እንዴት ይችላል?

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ያማረውን እንልበስ፤ ስንገዛ ግን የሠሪውን ድካም በሚገባው ዋጋ እንክፈል፤ አዲስ ስንጨምር ካለን አንዱን ለታረዘው እንስጥ፤ በቤተ ክርስቲያን አጠገባችን የቆመውን በልብሱ አንመዝነው። ጥበብን በትከሻው ብቻ የተሸከመ ሰው ብል የሚበላውን ለብሷል፤ ጥበብን በሥራው የለበሰ ግን ለሰርጉ ቤት የሚገባውን ልብስ አዘጋጅቷል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።