«አላውቅም» ማለት ነውር ነውን?

«ከመጠምጠም መማር ይቀድማል» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ግን መማር ጀምሮ ገና ያልጠመጠመውን ሰው የሚመለከት ነው። አንድ ተማሪ የሚያውቀው ጥቂት ሆኖ ሳለ ወገኖቹ ሁሉን እንደሚያውቅ አድርገው ቢያዩት ምን ማድረግ ይገባዋል? ባለችው ጥቂት እውቀት ይርዳቸው ወይስ «አላውቅም» ብሎ ይመልሳቸው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በነርስነት ትምህርት የመጀመሪያ ዓመቴ ሁለት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ፤ ሁለተኛው ስሕተቴም የመጀመሪያው ተቃራኒ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመሰናዶውን ትምህርት፣ መኺናውን፣ ጨርሼና የፕሲኮሜትሪ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከሕመምተኛ ይልቅ ከመጽሐፍ ጋር የሚያውል ነው፤ ኬሚስትሪ፣ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ስታትስቲክስ። የአካሉ ስም በላቲን፣ የመምህሩ ማብራሪያ በዕብራይስጥ፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። የሁለት መቶ ስድስቱን አጥንቶች ስም ስሸመድድ ስንት ሌሊት እንደነጋብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። በሠፈራችን ግን ገና ትምህርቱን ሳልጀምር «ሐኪማችን» ተብዬ ነበር። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ስላወራች፣ ለበዓል ወደ ቤት ስመለስ የመድኃኒት ካርቶን ይዞ የማይመጣ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ይህ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት እናት ወደ ኩፓት ሖሊም አብሬያቸው እንድሄድና እንዳስተረጉምላቸው ጠየቁኝ። ሐኪሙ «ምን ያምዎታል?» ሲላቸው «ሆዴ ባር ባር እያለኝ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» አሉ። እኔ ወደ እስራኤል የመጣሁት በሕፃንነቴ ነው፤ ትምህርቴንም የተማርሁት በአዳሪ ትምህርት ቤት ስለሆነ የዚያን ጊዜው አማርኛዬ ከቡናና ከእንጀራ አያልፍም ነበር። ያም ሆኖ አላመነታሁም። በዚያው ሳምንት የምግብ መፍጫ አካላትን ተምረን ስለነበር «ሆዳቸውን ያማቸዋል፣ ምናልባት ጨጓራቸው ይሆናል» ብዬ ከራሴ ጨምሬ ተረጎምሁ። ሐኪሙም በነገርሁት መሠረት የጨጓራ መድኃኒት አዘዘ፣ መሣሪያ በጉሮሮ አስገብቶ የሚታይበት ምርመራም ተጻፈላቸው። እኒያ እናት ይህን ሁሉ ችለው ለወራት ተመላለሱ።

በኋላ ቤታቸው ቡና ስንጠጣ ነገሩ ተገለጠ። ጎንደር የቀረ ልጅ ነበራቸው፤ ይመጣል ሲባል ዓመታት አለፉ፣ ደብዳቤውም ተቋርጦ ነበር። እኔም ደንግጬ «እማማ፣ ታዲያ ለሐኪሙ ይህን ለምን አልነገሩትም?» አልኋቸው። እሳቸውም ምንም ሳይቆጡ «ልጄ፣ እኔ ሆዴን አልሁሽ እንጂ ጨጓራዬን መቼ አልሁሽ?» አሉኝ።

በእውነትም አማርኛችን የሰውን አካል የሚያውቅበት የራሱ መንገድ አለው። የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ለሰው የራራ «አንጀቴን በላው» ይላል፤ ፈሪ «ሐሞተ ቢስ»፣ ታጋሽ «ሆደ ሰፊ» ይባላል። መጽሐፌ ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመነጭ አካል መሆኑን አስተምሮኛል፤ ወላጆቻችን በቆሽታቸው እንደሚናደዱ፣ በሆዳቸውም እንደሚናፍቁ ግን አላስተማረኝም። አማርኛውንም ሕክምናውንም በግማሽ ይዤ ሁለቱ ግማሾች አንድ ሙሉ የሚሆኑ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጣም ስላፈርሁ ዳግመኛ ላልሳሳት ወሰንሁ። አጎቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክኒኑን አምጥቶ «አሁን ደኅና ስለሆንሁ ብተወው ምን ይለኛል?» ሲለኝ «አላውቅም፣ ሐኪምህን ጠይቅ» ብዬው ወደ ጥናቴ ተመለስሁ። ሕሊናዬም ንጹሕ ነበር፤ የማላውቀውን አልተናገርሁምና። አጎቴ ግን ሐኪሙን አልጠየቀም። በምን ቋንቋ ይጠይቀው? «አስተው የሚያስፈራ ነገር ቢኖርማ ልጃችን ዝም አትለኝም ነበር» ብሎ ክኒኑን ተወው። ስኳሩ እጅግ ከፍ ብሎ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ነው እኔ ይህን የሰማሁት። ወገኖቻችን ከኢትዮጵያ ሲመጡ የስኳር በሽታ እምብዛም የማይታወቅባቸው ነበሩ፤ እዚህ ምግቡና ኑሮው ከተለወጠ ወዲህ ግን በሽታው በብዙዎች ቤት ገብቷል። ስለዚህ የአጎቴ ጥያቄ የብዙዎች ጥያቄ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? «ያላወቀ አይወቀስም» የሚሉ አሉ። እኔም ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ነገር ግን አለማወቅና ያለማወቅን መደበቅ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ጊዜ የጎደለኝ እውቀት ብቻ አልነበረም፤ «እማማ፣ ባር ባር ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ የምትበቃ ትሕትና ነበረች። ያልጠየቅሁት በሐኪሙ ፊት አላዋቂ መስዬ እንዳልታይ ነው። ለክብሬ ስል የሌላ ሰው ሕመም ላይ ቃል ጨመርሁበት። በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ «አላውቅም» የሚለውን ቃል እንደ በር ዘጋሁት። እውነት ተናግሬያለሁ፤ እውነቱ ግን ከስሕተት እኔን ጠበቀ እንጂ አጎቴን አልጠበቀም።

«ሐኪምና ነርስ ሞልተው ሳለ ሰዉ ለምን ተማሪ ይጠይቃል?» የሚል ቢኖር መልሱ ቋንቋ ብቻ አይደለም። እምነት የሚባል ነገር አለ። በ1996 መጀመሪያ፣ ወገኖቻችን በቅን ልብ የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲጣል መኖሩ በጋዜጣ ሲገለጥ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ጮኸዋል። ያን ጊዜ እንደ ምክንያት ከቀረቡት አንዱ ለጋሾቹ እንዳይከፋቸው ተብሎ ሳይነገራቸው መቅረቱ ነበር። እንዲህ ያለውን ያየ ሽማግሌ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እኔን የሚያምነኝ ስለ እውቀቴ አይደለም፤ ልጁ ስለሆንሁ ነው። የተማሪው ኃላፊነት የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ዲፕሎማ በተቀበለበት ቀን ሳይሆን ሰው ባመነው ቀን ነው የምለው።

እንግዲህ እኔ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው፦ «አላውቅም» ማለት ነውር አይደለም፤ «አላውቅም» ብሎ ሰውን ጥሎ መሄድ ግን ነውር ነው። ትክክለኛው አነጋገር «አላውቅም፤ የሚያውቀውን ግን አብረን እንጠይቅ» የሚለው ነው። የሚያስተረጉም ሰው ቃሉ ካልገባው መጀመሪያ ተናጋሪውን ይጠይቅ፤ ወደ ዕብራይስጥ የማይሻገር ቃል ከሆነም ለሐኪሙ «ይህ ቃል ሆድን ብቻ ሳይሆን ኀዘንንም ሊያመለክት ይችላል፣ እባክህ ደግመህ ጠይቃቸው» ይበለው። ከራሱ አይጨምር፣ ከሰማውም አያጕድል። በዚያው በ1996 የወጣው የታካሚ መብት ሕግ ሕመምተኛው ሊረዳው በሚችለው መንገድ እንዲገለጽለት ያዛል። በ2011 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር የሕክምና ተቋማት ለታካሚዎች የቋንቋ አገልግሎት እንዲያዘጋጁ መመሪያ አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚሰጥ የአማርኛ ትርጉምም አለ። ይህን መጠየቅ መብት እንጂ ልመና አለመሆኑን ለወላጆቻችን መንገር የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ እንኳ የሚችለው ሥራ ነው።

እኔም በመጨረሻ እኒያን እናት ይዤ ወደዚያው ሐኪም ተመልሼ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ይህን ለመናገር ከየትኛውም ፈተና ይልቅ ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ ጥቂት ዝም አለና ወንበሩን ወደ እሳቸው አስጠግቶ ስለ ልጃቸው ጠየቃቸው። ልጃቸውን ሊያመጣላቸው አይችልም፤ ግን ያ ሁሉ የጨጓራ መድኃኒት ቀረላቸው፣ ኀዘናቸውን በአማርኛ የሚያዋዩት ሰውም ተፈለገላቸው።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጆቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ብትኮሩ ይገባችኋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት «ሐኪማችን» አትበሉን፤ ይህ ስም እውነቱን እንዳንናገር ያስፈራናል። ይልቁንም «ዛሬ ምን ተማርሽ? ያልገባሽስ ምንድን ነው?» በሉን። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፣ የላቲኑን ስም ስታጠኑ የእናቶቻችሁንም ቋንቋ አብራችሁ አጥኑ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አለማወቁን የደበቀ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ የእሱ ልዩነት መድኃኒቱን የሚያጣው ሌላ ሰው መሆኑ ነው።