ስለ ቅዱስ ፓትሪክ በዓልና ስለ ይቅርታ ወሰን

የበደለውን ሰው ይቅር ማለት መልካም እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ይቅርታ ወሰን አለውን? ሰው ባልንጀራው የተበደለውን በደል በባልንጀራው ፈንታ ይቅር ሊል ይችላልን? የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ሕዝብ በየዓመቱ በደስታ በሚያከብረው በዓል ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል።

በአውሮፓ ምዕራብ ዳርቻ ባለችው በአየርላንድ ደሴት፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 17 ቀን፥ ይኸውም መጋቢት 8 ቀን፥ የቅዱስ ፓትሪክ በዓል ይከበራል። ዕለቱ በ5ኛው መቶ ዓመት በደሴቲቱ ወንጌልን የሰበከው ይህ ኤጲስ ቆጶስ ያረፈበት ቀን ነው ይባላል። በዚያው አቈጣጠር ከ1903 ዓመት ጀምሮ በሕግ የዕረፍት ቀን ሆኗል፤ ወደ ባዕድ አገር የተሰደዱት ልጆቿም ስለማይረሱት በኒው ዮርክ ከተማ ከ1762 ጀምሮ በሰልፍ ያከብሩታል። በዚያ ቀን ሰዉ አረንጓዴ ይለብሳል፤ በአንድ አገዳ ላይ ሦስት ቅጠል የምታወጣውን፥ ሻምሮክ የምትባለውን ትንሽ ሣር በደረቱ ላይ ይሰካል።

ስለ ቅዱሱም ሕዝቡ ብዙ ያወራል። የሥላሴን ምሥጢር በዚያች ሣር መስሎ አስተማረ ይላሉ። ዛሬ ክሮ ፓትሪክ ተብሎ በስሙ በሚጠራው፥ ከፍታው 764 ሜትር በሆነው ተራራ ላይ 40 ቀን ጾሞ በአገሩ ያለውን እባብ ሁሉ ወደ ባሕር አሳደደው ይላሉ። በየዓመቱም በጁላይ ወር በመጨረሻው እሑድ ብዙ ምእመናን ወደዚያ ተራራ ይወጣሉ፤ ከእነርሱም መካከል ድንጋዩን በባዶ እግሩ እየረገጠ የሚወጣ አለ።

ነገሩን የሚመረምር ሰው ግን ሌላ ያገኛል። ከፓትሪክ አስቀድሞ የነበረው ሮማዊው ጸሐፊ ሶሊኑስ በዚያች ደሴት እባብ እንደሌለ ጽፎ ነበር። በ12ኛው መቶ ዓመትም የዌልስ ሰው ጄራልድ የእባቡን ወሬ ሰምቶ አልተቀበለውም። የተፈጥሮ ሊቃውንትም ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ በጥንት ዘመን በረዶ አገሩን ከድኖት ነበርና እባብ ሊኖርበት አልቻለም፤ በረዶውም ከቀለጠ በኋላ እባብ ሳይሻገር ባሕሩ ዙሪያውን ከበበው ይላሉ። የሣሪቱም ታሪክ በጽሑፍ የተገኘው ቅዱሱ ካረፈ ከ1000 ዓመት የሚበልጥ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ታዲያ በዓሉ ከንቱ ነውን? አይደለም። ሰሙ ቢቀልጥ ወርቁ ይገለጣል እንጂ አይጠፋም። ወርቁም ፓትሪክ ራሱ በላቲን ቋንቋ ጽፎ በተዋቸው በሁለቱ ጽሑፎች ውስጥ አለ።

ከሁለቱ አንዱ ኑዛዜ የሚባለው ነው። በዚህ እንደ ተረከው የተወለደው በብሪታንያ ነው፤ አባቱ ዲያቆን፥ አያቱም ቄስ ነበሩ። 16 ዓመት ገደማ ሲሆነው ወራሪዎች ከብዙ ሺህ ሰው ጋራ ማርከው ወደ አየርላንድ ወሰዱት። 6 ዓመት በባርነት መንጋ ጠበቀ፤ በዝናምና በውርጭም ገና ሳይነጋ እየተነሣ ይጸልይ ነበር። በኋላም ሸሽቶ በመርከብ ተሻገረ፤ ከዘመዶቹም ጋራ ተገናኘ። እነርሱም ዳግመኛ እንዳይለያቸው ለመኑት። እርሱ ግን የአየርላንድ ሰዎች ተመልሶ በመካከላቸው እንዲኖር ሲጠሩት በሌሊት ራእይ አየ፤ ኤጲስ ቆጶስም ሆኖ ባሪያ ወዳደረጉት ሰዎች አገር በፈቃዱ ተመለሰ።

ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር አለ፤ ነገር ግን እነርሱ ተርበው ወደ እርሱ መጥተው በፊቱ ሰግደው ነበር። ፓትሪክ ግን ይቅርታ ወዳልለመኑት፥ ኀይልም በእጃቸው ወዳለ ሰዎች ሄደ። እባብን ከደሴት ከማስወጣት ይልቅ ቂምን ከልብ ማስወጣት ይከብዳል። ሕዝቡ ግን አብልጦ የሚወደው የእባቡን ወሬ ነው፤ እባብ ሲባረር የሚሰማ ሰው ምንም አይጠየቅምና፤ ቂም ሲባረር የሚሰማ ግን ስለ ራሱ ቂም ይጠየቃል።

ነገሩ በዚህ ቢፈጸም ኖሮ ይቅርታ ማለት ዝምታ ነው የሚል ሰው ባልተነቀፈ ነበር። ሁለተኛው ጽሑፍ ግን ይህን ያፈርሳል። ኮሮቲኩስ የሚባል አለቃ ወታደሮች ፓትሪክ ባጠመቃቸው አዲስ ክርስቲያኖች ላይ፥ የጥምቀት ልብሳቸው ገና በላያቸው ሳለ፥ አደጋ ጣሉባቸው፤ እኵሌቶቹን ገደሉ፥ እኵሌቶቹንም ማርከው ወሰዱ። እርሱም ምርኮኞቹን እንዲመልሱ መልእክተኞች ላከባቸው፤ እነርሱ ግን ሣቁባቸው። ያን ጊዜ ሁሉ እንዲሰማው ግልጥ ደብዳቤ ጽፎ አወገዛቸው፤ ንስሓ ገብተው የማረኳቸውን እስኪለቁ ድረስም ማንም ከእነርሱ ጋራ እንዳይበላና እንዳይጠጣ ከለከለ።

የገዛ ቍስሉን የተወ ሰው ስለ ሌላው ቍስል ስለ ምን እንዲህ ጮኸ? የራሱ ዕዳ የራሱ ነበርና ሊተወው ሥልጣን ነበረው፤ የባልንጀራው ዕዳ ግን የባልንጀራው ነው። የራሱን በደል የሚተው ሰው ቸር ይባላል፤ የሌላውን በደል የሚተው ግን በሰው ገንዘብ የሚመጸውት ነው።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ ቂመኛ ሰው የገዛ ቂሙን ስለ ባልንጀራው የሚቈረቈር መስሎ ሊሰውረው ይችላል። መለያው ግን ይህ ነው፤ ፍርድን የሚወድ የምርኮኛውን መፈታት ይሻል፤ ቂምን የሚወድ የማራኪውን መጥፋት ይሻል። ፓትሪክ ቃሉ ቢበረታም የለመነው የምርኮኞቹን መፈታትና የማራኪዎቹን ንስሓ ነው።

እንግዲህ፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ እባብ በሌለበት አገር እባብ አባረረ መባሉ ለቅዱሱ ክብር አይጨምርለትም፥ ክብሩንም አይቀንስበትም። ሣሪቱን በደረቱ ከሚሰካው ሁሉ ይልቅ፥ ራሱ የተበደለውን ለመተው የሚታገል፥ ባልንጀራው ስለ ተበደለው ግን ዝም የማይል ሰው በዓሉን በሚገባ አክብሮታል።