የመምህር ውለታ በምን ይመለሳል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ሐዋርያው በዕብራውያን 13፥7 ያስተማሩንን እንድናስብ ብቻ አላዘዘንም፤ ኑሯቸውን አይተን እንድንመስላቸውም ጨመረበት። የመምህር ምስጋና ከአፍ አልፎ ወደ ሥራ ይሄዳል ማለት ነው።

መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ እንደ እኛ ከአገር ርቀው፣ በኢየሩሳሌም ሳሉ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይፈጽሙት ዐረፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ እርሳቸውም ሳይታተም ዐረፉ። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. በመምህራቸው ስም አሳተሙት። ዛሬ የግእዝ ተማሪ የሚገልጠው ያ መጽሐፍ የሁለት ደቀ መዛሙርት ምስጋና ነው።

አንዳንዶቻችን «ገንዘብ የለኝ፣ እርሳቸውም ዐርፈዋል፤ ውለታቸውን በምን ልመልስ?» እንላለን። ፊደል ካስቆጠሯችሁ፣ እዚህ ማዓዲ ለሚያድገው ሕፃን ፊደል አስቆጥሩ። እንግዳ ተቀባይ ከነበሩ፣ አዲስ ለመጣችው እህት በራችሁን ክፈቱ። ያረፉትን በጸሎት አስቧቸው። በሕይወት ላሉት ግን ዛሬውኑ ደውሉ፤ ከዐሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ብቻ ነበርና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።