ችሎታ የማን ነው?

በቋንቋችን «ችሎታ» የምትባለው ቃል ሁለት ቤት አላት። አንደኛው ቤቷ ጣና ዳር ነው። ደንገል አጭዶ፣ አድርቆና አስሮ ታንኳ የሚሠራ፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር የሚደርስ ሰው ችሎታ አለው እንላለን፤ የ14 ዓመት ልጅ ቢሆንም እንኳ። ሁለተኛው ቤቷ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። እዚያ ደግሞ ይኸው ልጅ 18 ዓመት ስላልሞላው ችሎታ የለውም። ታዲያ ሕጉ ልጁን ሰደበው? የለም። መቅዘፍ አትችልም አላለውም። አንድ ብልጣ ብልጥ ነጋዴ የአባቱን ውርስ በርካሽ አስፈርሞ ቢወስድበት ውሉ እንዲፈርስለት በር ከፈተለት እንጂ። እስከዚህ ድረስ ከሕጉ ጋር ጠብ የለንም።

ጠባችን ትልቅ ሰው ላይ ስንደርስ ነው። በሕጉ ማንም ሰው ችሎታ እንዳለው ይገመታል፤ የለውም የሚለው ወገን ያስረዳ። መልካም። ግን ይኸው ሕግ ከ2,000 ያነሰ ሕዝብ በሚኖርበት ቦታ ቤተሰቡ አንድን ሰው ለአእምሮው ሁኔታ ሲል እየጠበቀ እንዳሻው እንዳይንቀሳቀስ ካደረገው፣ እብደቱ በግልጽ የታወቀ ነው ይላል። ልብ በሉ! ሐኪም አልተጠየቀም፣ ዳኛም አልተሰየመም። የዘመድ ጥበቃ ራሱ ማስረጃ ሆነ።

እንዲህ ያለውን ዓይን እኛም በራሳችን ላይ አይተነዋል። ዓይነ ስውር ጓደኛ አለን፤ ብሬሉን ሲያነብ እኛ ገና ገጽ እየገለጥን ነው። አንድ ወረቀት ሊፈርም ወደ አንድ ቢሮ ሲሄድ አብረነው ሄድን። ጸሐፊው እሱን ትቶ ወደኛ ዞረና «መፈረም ይችላል? ማን ይፈርምለታል?» አለን። እርግጥ ነው፣ የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም የሚል ሕግ አለ። ይህ ግን ፊርማውን ማረጋገጥ ነው፤ ሌላ ሰው ይፈርምለት አላለም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ12ኛው አንቀጹ አካል ጉዳተኛው እንደማንም ሰው እኩል የሕግ ችሎታ እንዳለው ይናገራል። መደገፍ ሌላ፣ መተካት ሌላ።

እኛስ ምን አደረግን? «ኧረ ይችላል፣ ጎበዝ ነው!» ብለን ባንድ አፍ ጮህን። ስንወጣ ጓደኛችን የተቆጣው በጸሐፊው አልነበረም።

«እሱስ አያውቀኝም። እናንተ ምን ቤት ናችሁና ነው የምትመልሱልኝ?» አለን።

እስከ ሐይቁ ዳር ስንከራከር ሄድን። ደግ ደጉን መመስከራችን ምን ጥፋት አለው አልን። ቀስ እያለ ነው የገባን፤ ሰውየው ችሎታውን ተጠራጠረ፣ እኛ ደግሞ ችሎታው በእኛ ቃል እንዲቆም አደረግን። ታንኳ ቀዛፊውን ልጅ ዘሎ «ይችላል ወይ?» ብሎ አባቱን የሚጠይቅ መንገደኛ እስካሁን አላየንም፤ ዋጋ ተነጋግሮ ይሳፈራል።

ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት ለጓደኛችን አነበብንለት። «ምስኪን» የምትል ቃል ነበረችበት፤ አሰርዞናል።