ከግራሩ ሥር

የሚነበብ፦ ዘጸአት 4፥1-5፤ 31፥1-6



ነገ የት እንደምንሆን ሳናውቅ እዚህ ሞያሌ ለልጆች ትምህርት ቤት መጀመር ተገቢ ነው ወይ? ወይስ አገር እስክንገባ እንጠብቅ?

እኔ ራሴ "እንጠብቅ" ከሚሉት ነበርኩ። አንድ ቀን የተበጠሰ በረባሶ ስሰፋ የጎረቤት ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ወስፌውን አንዴ ልያዘው አለኝ። "ሂድ ተጫወት፣ አገርህ ስትገባ ትማራለህ" ብዬ አባረርኩት። እውነቱን ልናገር፣ ከአንደኛ ደረጃ ስላላለፍኩ አስተማሪ መሆን አፍሬ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጅነት እኮ እኛን ቆሞ አይጠብቅም። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ታዝለው ድንበር የተሻገሩት ሕፃናት ዛሬ ፍየል ይጠብቃሉ።

ሙሴን አስቡት። እሱም ሸሽቶ በምድያም የሚኖር ስደተኛ ነበር። አያምኑኝም ብሎ ሲፈራ እግዚአብሔር የጠየቀው የሌለውን ሳይሆን በእጁ የያዘውን ነው። የያዘውም የእረኛ በትር፣ የሥራ ዕቃ ነበር። ባስልኤልም በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው እንጨትና ድንጋይ፣ ወርቅና ብር እንዲሠራ ነው። ምዕራፍ 35፥34 ላይ ደግሞ የማስተማር ልብ እንደተሰጠው እናነባለን። እንግዲህ የእጅ ሥራን መናቅ ከየት አመጣነው?

ከአገራችንም ምሳሌ አለን። አቶ አስፋው የምሩ በልጅነታቸው ከቡልጋ አዲስ አበባ መጥተው መንገድ ላይ ያደሩ ሰው ናቸው። በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ገቡ። ገና ልጅ ሳሉ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚለምኑ ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ሕንጻ የለ፣ ደመወዝ የለ። ያ ጅምር አድጎ አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ የድሃ ልጆች ያለ ክፍያ ተማሩበት። አቶ አስፋው ልጅን በዱላ ማስተማርንም ይቃወሙ ነበር። በ2013 ዓ.ም. አርፈዋል፤ የተከሉት ግን ቀረ።

ግን እንጠንቀቅ። ልጅን በሥራ ማስተማርና ልጅን ማሠራት አንድ አይደለም። ውኃ ሲቀዳልኝ ውሎ ጥቅሙ የእኔ ብቻ ከሆነ፣ ጉልበቱን በላሁ እንጂ አላስተማርኩትም። መለያው ይህ ነው፦ ጠዋት ያላወቀውን ማታ አውቋል ወይ? ጄሪካኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ለክቶ፣ ለአንድ መደብ ጎመን ስንት እንደሚበቃ ቆጥሮ፣ ቁጥሩን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስዋሂሊ ካለው ተምሯል። መደበኛ ትምህርት ቤት መግባት የሚችል ልጅ ደግሞ ይግባ፤ ይህ የዚያ ምትክ አይደለም።

አገር ብንገባም ብንቀርም ልጁ ያወቀውን ይዞ ይሄዳል። ኬላ ላይ የማይነጠቅ ስንቅ ይህ ብቻ ነው።

ያንን ልጅ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ወስፌውን ያዘ፣ ጣቱን ወጋው፣ ሳቀ፣ ቀጠለ። አሁን ከግራሩ ሥር ሁለታችን እንቀመጣለን።

አንቺ እናቴ፣ ስፌት ትችያለሽ። አንተ ወንድሜ፣ አናጺ ነህ። እርስዎ አባቴ፣ የከብት በሽታ ያውቃሉ። እስቲ ዛሬ ማታ ለየራሳችን እንጠይቅ፦ በእጄ ያለውን ለየትኛው ልጅ ከለከልኩ?

ጌታ ሆይ፣ የእጃችንን ሥራ ባርክ። አሜን።