ስለ ነጻ አገልግሎትና ስለ አደራ

ሰው የገዛ ገንዘቡን ሊሰጥ፥ ሊሸጥ ወይም ሊለውጥ እንደሚችል የታወቀ ነው። በአደራ የተቀበለውን ግን የባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ ለሌላ አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም። በኢንተርኔት ስለሚገኘው ነጻ አገልግሎት ሲነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ልዩነት ነው።

በሐዋሳ ከተማ በቡሹሎ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው በዓረብ አገር ትሠራለች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፊቷን በስልካቸው ላይ እያዩ ያነጋግሯታል፤ ለኢንተርኔቱ ጥቂት ብር ይከፍላሉ እንጂ ለሚያገናኛቸው ለዋትስአፕ ምንም አይከፍሉም። እኚህን እናት «ይተዉት» ብሎ የሚመክር ቢኖር ከእርሱ ጋር አንተባበርም፤ ጥቅሙ እውነተኛ ነውና።

ሆኖም ነጻ አገልግሎት የሚሰጡት ድርጅቶች መጽዋቾች አይደሉም። ብዙዎቹ ሰው ማንን እንደሚያውቅ፥ የት እንደሚውል፥ ምን እንደሚፈልግ መዝግበው በዚያ እውቀት ከማስታወቂያ ያተርፋሉ። ይህን የነገርናቸው ወጣቶች «እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም» ይሉናል።

በ2010 ዓ.ም. የተገለጠው የፌስቡክ ነገር ለዚህ መልስ ይሆናል። ስለ ሰው ጠባይ የሚመረምር አንድ መጠይቅ ወጥቶ 270 ሺህ ያህል ሰዎች ፈቅደው ገቡበት። በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራር ግን ከፈቃጁ ጋር የወዳጆቹንም መረጃ ይሰጥ ስለ ነበር፥ ካምብሪጅ አናሊቲካ በተባለው የምርጫ አማካሪ ድርጅት እጅ የገባው እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ነው። ፌስቡክም በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሲለውጥ የሸጠው የራሱን ነበር፤ እነዚያ ግን የወንድማቸውንም ጨምረው ሰጡ።

ይህን ስንጽፍ እኛ ከደሙ ንጹሕ ነን ማለታችን አይደለም። የንስሓ አባት የሰማውን ምሥጢር እንዳይገልጥ በሥርዓት የታሰረ መሆኑን ተምረናል፥ አስተምረናልም። በስልካችን ግን ከሞክሼዎቿ ለመለየት ብለን ከአንዲት የንስሓ ልጃችን ስም አጠገብ «ጠበልተኛዋ» ብለን ጽፈን ነበር። ሕመሟን የነገረችን ለብቻችን ነው። ከዕለታት አንድ ቀን በቡሹሎ ለጠበል ጸዲቅ በተጠራንበት ቤት አንድ ትሑት ወጣት፥ የማናውቀው ሰው ሲደውል ስሙን የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ ጫነልን። የስልክ ማውጫችንን ለማየት ሲጠይቀን «ፍቀድ» የሚለውን ተጫንን። ለእኛ የሌላውን ስም የሚነግረን የየሰውን ማውጫ እየሰበሰበ እንደ ሆነ፥ የእኛንም እንዲሁ ለሌላው እንደሚነግር አላሰብንም። ሴቲቱ ሥራ ፍለጋ ለአንድ አሠሪ ስትደውል በሰውየው ስልክ ላይ የወጣው እኛ የጻፍነው ስም ሆነ። «አባቴ፥ ማን ነገራቸው?» ብላ መጣች።

ምሥጢሯ ከአፋችን አልወጣም ብለን መከራከር ይቻለን ነበር። የፈሪሳዊ ክርክር ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው የግል ሕይወት፥ ደብዳቤውና የስልክ ግንኙነቱ እንዳይደፈር ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ጤናንና ሃይማኖትን የመሰለው መረጃ በበለጠ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዛል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን «ፍቀድ» የሚለውን ልንጫን ስንል አጠገባችን ዳኛ አይቆምም። ስለዚህ አንባብያን፥ ይልቁንም ካህናት፥ ማውጫችሁን የሚጠይቅ መተግበሪያ ሲገጥማችሁ አስቀድማችሁ በውስጡ የተጻፉትን ሰዎች አስቡ። ብትከለክሉትም ብዙ ጊዜ አገልግሎቱ አይቋረጥም፤ የቡሹሎዋ እናት የሚያስፈልጋቸው የልጃቸው ቁጥር ነው፥ የጎረቤቶቻቸው ሁሉ አይደለም። ማውጫ ካልተሰጠኝ አልሠራም የሚለውን ግን መተው ይሻላል፤ ይህ ለአንዳንዱ ሰው ከባድ እንደሚሆን እናውቃለን።

እኛ መተግበሪያውን አጥፍተን፥ በማውጫችን ከስም በቀር ያለውን ሁሉ ፍቀን፥ ድርጅቱም የሴቲቱን ቁጥር እንዲሰርዝ ጠይቀናል። እርሷ ግን አዲስ ቁጥር አውጥታለች። ለእኛ አልሰጠችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።