ለማን ትጽፊያለሽ?

የእህቴ ልጅ፣ «ልቤ ከጽሑፉም ከትወናውም ነው፤ የተፈጠርኩበትን ግን አላወቅሁም» ብለሽኛል። እናትሽም «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብላ ገሥጻሻለች። ተረቱስ እውነት ነው፤ እሷ የተሳሳተችው ዛፉን ስትቆጥር ነው። የሚጽፈውም የሚተውነውም ያልኖረውን ሕይወት ነው የሚኖረው፤ ያንቺ ዛፍ አንድ ነው። ዓለምፀሐይ ወዳጆን ተመልከቺ፤ ተውናለች፣ ተውኔት ጽፋለች፣ ግጥም ገጥማለች፣ አገር ለቃ ዋሽንግተን ስትኖርም ጣይቱ የባህል ማዕከልን አቋቁማ አማርኛ ለናፈቀው ሰው መድረክ ዘርግታለች። አንዱን ልተው ብላ መች ተጨነቀች?

በእኛ ጊዜ መድረክ የሚወጣ ሰው «አዝማሪ» ይባል ነበር፤ ለስድብ። እኔን ግን ከዚያ ስድብ ይልቅ ያስፈራኝ የዛሬው ጭብጨባ ነው። በስልክ የተለቀቀች አጭር ቪዲዮ በአንድ ሌሊት አገር ሙሉ ያያታል፤ በማግስቱ ባለቤቷ ተዋናይ ነኝ ይላል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ያልቸኮለ ሰው ልንገርሽ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልቦለድ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ሃምሳውን አልፈው ነበር። አስተምረዋል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረዋል፤ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። እንጀራቸው ከሌላ ሥራ ነበር፤ ስለዚህ ቢሮ ውለሽ ማታ መጻፍሽን እንደ ውርደት አትቁጠሪው። ግን ልነግርሽ የፈለግሁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ያን ጊዜ ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበር፤ መጽሐፉ የቱንም ያህል ቢያምር ፊደል ላልቆጠረው የተዘጋ በር ነው። በሩን የከፈተው ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከውና የመጽሐፉ ፍቅረኞች በዛብህና ሰብለ ወንጌል መጽሐፍ የሚባል ነገር የሌለበት ቤት ገቡ። የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፣ የጉዱ ካሳን ምሬት፣ ሁሉንም ያ አንድ ጉሮሮ ተሸከመው። እኔ ዛሬም መጽሐፉን ስገልጥ የማነበው በወጋየሁ ድምፅ ነው፤ እንደኔ የሆነ ሰው ስንት እንዳለ ጠይቂና እዪ።

ደራሲው ያለ ተራኪው ሩቅ አይሄድም ነበር፤ ተራኪውም ያለ ደራሲው ባዶ ጉሮሮ ነበር። ሁለቱን ያገናኛቸው ሬዲዮ ከቦ የተቀመጠው ሰው ነው። «ለምን ተፈጠርኩ» እያልሽ ሌሊቱን ከምትገላበጪ «ይህን ለማን ነው የምለው» ብለሽ ጠይቂ። ስም ያለው፣ ፊት ያለው አንድ ሰው ያዢ፤ የጉሊት ነጋዴዋ ጎረቤትሽም ትሁን፣ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው አብሮ አደግሽም ትሁን። «ሕዝብ» የሚባለውን ተዪው፤ ለሕዝብ ብሎ የጻፈ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ንግግር ነው።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። የጻፍሽውን ሁሉ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ታሟል፤ ቁረጪው። ገጸ ባሕርይሽ በአፏ የማትለውን ቃል ስታገኚ ደግሞ፣ ተዋናይነትሽ ጸሐፊነትሽን ያርመው። በትወናውም እንዲሁ ነው፤ አዘጋጁ ሦስት መስመር ብቻ ያላት ገረድ ቢያደርግሽ አታኩርፊ። ከየት እንደመጣች፣ ማታ የት እንደምትተኛ፣ ደመወዟን ለማን እንደምትልክ በደብተርሽ ጻፊላት። ተመልካቹ ያንን ባይሰማም ትሪውን ስታነሺ ከእጅሽ ያየዋል። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? በልምምድ ሰዓት እንባ ለመጭመቅ ፊቱን የሚያጣምም ተዋናይ ሳይ፣ ደብተሩ ባዶ ነው እላለሁ። (እንባ የማይፈልግ ትዕይንት ላይ የሚያለቅሱትማ ሌላ ጉድ ናቸው!)

ደግሞም ሥራ የማይገኝበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ ሚናው ለሌላ ሰው ሲሰጥ ሐሜት ትሰሚያለሽ፣ ራስሽም ታሚያለሽ። በዚያ ወቅት ጽሑፉ ይጠቅምሻል፤ ለመጻፍ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

የጀመርሽው ተውኔት የመጀመሪያው ገቢር ሲያልቅ ወደ ቤት ይዘሽው ነይ። ዐይኔ ስለደከመ አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። ካሰለቸኝ ሳላፍር እነግርሻለሁ፤ እናትሽንም ጥሪያት።